አንድ የእግር አውራ ጣት፣ ሦስት መድኃኒት፣ ሦስት አደጋ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ከእንቅልፉ ባንኖ ይነሳል። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ እንደ ፍም ይፋጃል። አንሶላው ሲነካው እንኳን ያስጮኸዋል። ሪህ ነው።

ለብዙ ሰው መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ሲነጋ ፋርማሲ ብቅ ማለት። ይህ ሰው ግን ከዓመታት በፊት እህቱ የለገሰችውን ኩላሊት በንቅለ ተከላ የተቀበለ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ሦስት መድኃኒቶች ይወስዳል፦ ሳይክሎስፖሪን፣ አዛታዮፕሪን እና ፕሬድኒሶሎን።

ሰውየውን በምናባችን የፈጠርነው ነው። የሚገጥመው ነገር ግን በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በደንብ ተጽፎ ይገኛል። ለሪህ በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ማስታገሻና ፀረ ብግነት የሆነው ዲክሎፌናክ ወይም ዘመዶቹ፣ ኮልቺሲን እና አሎፑሪኖል። ሦስቱም ይህንን ሰው ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ። የሚገርመው ደግሞ ሦስቱም የሚጎዱት በተለያየ መንገድ መሆኑ ነው። አንዱ ኩላሊቱን፣ አንዱ ጡንቻውን፣ አንዱ የአጥንቱን መቅኔ። ሁለት መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ከዚህ አውራ ጣት የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

በቅድሚያ ግን ሰውየው ለምን ሦስት መድኃኒት እንደሚውጥ እንይ። የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ሥራው የራስን ከባዕድ መለየት ነው። የእህትም ቢሆን ያ ኩላሊት ለነጭ የደም ሴሎቹ ባዕድ ነው። ካልተከለከሉ ያጠቁታል። ስለዚህ መድኃኒቶቹ መከላከያውን ዝቅ አድርገው ይይዙታል። በጣም ዝቅ ካለ ተራ ኢንፌክሽን ሰውየውን ይጥለዋል። ትንሽ ከፍ ካለ ደግሞ ኩላሊቱ ይጠቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለውን የሳይክሎስፖሪን መጠን በየጊዜው የሚለኩትም ለዚህ ነው። ፓራሲታሞል ስንወስድ ማንም ደማችንን አይለካም። እዚህ ግን ትንሽ መዛነፍ ዋጋ ያስከፍላል። ሌላ መድኃኒት መጥቶ ሚዛኑን ቢገፋውስ?

ዲክሎፌናክ፦ በሁለት በኩል የተጨነቀ ቱቦ

ለጥርስ፣ ለወገብ፣ ለወር አበባ ሕመም ብዙዎቻችን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጠን እናውቃለን። እንዴት እንደሚሠሩ ያወቅነው ግን ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ እንደሚያግዱ አሳየ። ለዚህ ሥራው በ1982 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርቷል። ፕሮስታግላንዲን ሲቀንስ ብግነቱ ይበርዳል፣ ሕመሙም ይታገሳል።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን ሥራው ማሳመም ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨጓራን ከራሱ አሲድ ይጠብቃል። ኩላሊት ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሳኝ ሥራ አለው።

እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበት ቀጭን የደም ሥር እና ደም የሚወጣበት ሌላ ቀጭን የደም ሥር አለው። የቧንቧ ውኃ በጨርቅ ስታጣሩ አስቡት፤ ማጣራቱ የሚሠራው ከኋላ የሚገፋ ግፊት እስካለ ድረስ ነው። መግቢያው ከጠበበ ግፊቱ ይወድቃል፣ ማጣራቱም ይቆማል።

ሳይክሎስፖሪን ከሚያመጣቸው ጉዳቶች አንዱ ይህንን መግቢያ ማጥበቡ ነው። ኩላሊቱ ዝም ብሎ አያይም፤ ፕሮስታግላንዲን አምርቶ መግቢያውን መልሶ ለማስፋት ይጥራል። አንዱ ያጠባል፣ አንዱ ያሰፋል፤ ሰውየው ምንም ሳይታወቀው በዚህ ትግል ላይ ለዓመታት ይኖራል።

እዚህ ላይ ዲክሎፌናክ ገባ እንበል። ፕሮስታግላንዲኑ ጠፋ፤ መግቢያውን የሚያሰፋ ኃይል የለም፣ የሚያጠበው ግን አለ። በቀናት ውስጥ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ሊወድቅ ይችላል። ይህ ሰው ደግሞ የሚሠራለት ኩላሊት አንድ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ዲክሎፌናክ ከሳይክሎስፖሪን ጋር በኬሚስትሪ አልተነካካም። የአንዱ መጠን በሌላው ምክንያት ከፍ ባይል እንኳን ጉዳቱ ይደርሳል። የተገናኙት በሥራቸው ነው፤ አንድ ቱቦ ላይ ከሁለት በኩል ተጫኑ። ንቅለ ተከላ ላላደረጉ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት (ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) አንድ ላይ የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ቤታችሁ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በሁለቱ ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመር፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም የውኃ ጥም ባለበት ሰሞን፣ ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል።

ኮልቺሲን፦ በሩ የተዘጋበት እንግዳ

ማስታገሻው ቀረ እንበል። ሁለተኛው አማራጭ ኮልቺሲን ከአንድ አበባ የሚገኝ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው።

በሴሎቻችን ቆዳ ላይ የማይፈለግ ነገር ወደ ውጭ የሚገፉ ፓምፖች አሉ። ከእነሱ አንዱ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል። ኮልቺሲንን ከሰውነት የሚያስወጣው አንዱ መንገድ ይኸው ፓምፕ ነው። ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ፓምፑን ያግደዋል። ስለዚህ ኮልቺሲኑ ሳይወጣ ይከማቻል። ሰውየው በመጀመሪያ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ቆይቶ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሳት ያቅተዋል። ጡንቻው እየተመረዘ ነው። «ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው» ተብሎ ሊታለፍም ይችላል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

አሎፑሪኖል፦ ከአንድ ላብራቶሪ የወጡ ሁለት መድኃኒቶች

ሦስተኛውን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

ጌርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1918 ኒውዮርክ ተወለደች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ በካንሰር ሞቱ፤ ኬሚስትሪ ለማጥናት የወሰነችውም በዚያ ምክንያት ነው። የዶክትሬት ዲግሪ ኖሯት አያውቅም። በ1944 ባሮውስ ዌልካም በሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር መሥራት ጀመረች። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ሴል ለመባዛት የዲኤንኤ ጡቦችን ይፈልጋል። ጡብ የሚመስል ግን ጡብ ያልሆነ ነገር ብንሰጠውስ? ግንባታው ይበላሻል፣ ሴሉም አይባዛም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲክስ-መርካፕቶፑሪን የተባለው እንዲህ ያለ «የውሸት ጡብ» ተገኘ። የደም ካንሰር ለያዛቸው ልጆች የመጀመሪያው ተስፋ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ቆየት ብሎም የዚሁ መድኃኒት ዘመድ ተሠራ፤ አዛታዮፕሪን። አዛታዮፕሪን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ መርካፕቶፑሪን ይለወጣል። በፍጥነት የሚባዙ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚገታ በ1960ዎቹ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ዘመድ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ጭምር እንዲቻል መንገድ ከፈተ።

ነገር ግን ሰውነት መርካፕቶፑሪንን ቶሎ ያፈርሰዋል። ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች አንዱ ዛንቲን ኦክሲዴዝ ይባላል። እነ ኤሊየን «ይህንን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ብንጨምርበት መድኃኒቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ ነበር» ብለው አሰቡና አሎፑሪኖልን ሞከሩ። መድኃኒቱ በእርግጥ ጠነከረ፤ ጉዳቱም አብሮ ጠነከረ፤ ለካንሰሩ የተለየ ጥቅም አልተገኘም። ሆኖም አንድ ነገር አስተዋሉ። የበሽተኞቹ ዩሪክ አሲድ ወረደ። ዛንቲን ኦክሲዴዝ ዩሪክ አሲድ የሚያመርተውም ኢንዛይም ነዋ! ሪህ ማለት ደግሞ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሲሠራ የሚመጣ ሕመም ነው። አሎፑሪኖል በ1966 አሜሪካ ውስጥ ለሪህ ተፈቀደ። ኤሊየንና ሂቺንግስ በ1988 ከጄምስ ብላክ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። አዛታዮፕሪን ይወስዳል። አንድ ሌላ ክሊኒክ ሪሁን ብቻ አይቶ አሎፑሪኖል አዘዘለት። የመርካፕቶፑሪን መውጫ ተዘጋ። በደሙ ውስጥ ያለው ንቁ መድኃኒት የአዛታዮፕሪኑን ክኒን ሳይጨምር ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ የአጥንት መቅኔው አዳዲስ የደም ሴሎችን መሥራት ያቆማል። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስለት፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ ይከተላሉ። ሰው ሊሞትበት የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ ይህ መስተጋብር ድንገት የተደረሰበት አይደለም። አሎፑሪኖል መጀመሪያ የተሞከረው ይህንኑ እንዲያደርግ ተፈልጎ ነው! ከስድሳ ዓመት በላይ ይታወቃል። እስካሁን ሰው የሚጎዳበት ምክንያት የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ አንዱን መድኃኒት ያዘዘው ሐኪምና ሌላውን ያዘዘው ሐኪም አለመተዋወቃቸው ነው። ሪሁስ ከየት መጣ? ሳይክሎስፖሪን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ካደረጉ ሰዎች ብዙዎቹ ሪህ ቢይዛቸው አይገርምም። አደጋው ዞሮ የሚገጥመው ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ግን አለ። አንዳንድ የአንጀት ብግነት ሕመምተኞች ሰውነታቸው አዛታዮፕሪንን ወደ ማይፈለግ መንገድ እየመራ ጉበታቸውን ያስቸግራል። ለእነሱ ሐኪሞች አሎፑሪኖልን አውቀው ይጨምሩና አዛታዮፕሪኑን ወደ ሩብ ወይም ሲሶ ይቀንሱታል፤ ደማቸውንም ቶሎ ቶሎ ይመረምራሉ። ያው ግጭት፣ በልክ ሲያዝ ሕክምና ሆነ።

መጠኑ ሲወርድም ይጎዳል

እስካሁን ያየነው የመድኃኒት መብዛት ወይም ጫና መደራረብ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ በሀገራችን ደግሞ ትልቅ ትርጉም አለው።

ጉበታችንና አንጀታችን ውስጥ ሲዋይፒ-3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም አለ። እጅግ ብዙ መድኃኒቶችን እየቆራረጠ ለመውጣት ያዘጋጃቸዋል፤ ሳይክሎስፖሪንንም፣ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘውን ታክሮሊመስንም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሰውነት ይህንን ኢንዛይም በገፍ እንዲያመርት ያዝዛል። ውጤቱ፦ ሰውየው ክኒኑን ሳያዛንፍ እየዋጠ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን ይቀልጣል። መከላከያው ይነቃል፣ ኩላሊቱ ይጠቃል።

አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቲቢ በስፋት ባለበት ሀገር መከላከያው ዝቅ የተደረገ ሰው ቲቢ ቢይዘው የሚጠበቅ ነው፤ የቲቢው ዋና መድኃኒት ደግሞ ኩላሊቱን የሚጠብቀውን መድኃኒት ያባርራል። ሐኪሞች ታዲያ ወይ የታክሮሊመሱን መጠን ከፍ አድርገው ደሙን በተደጋጋሚ ይለካሉ፣ ወይ ኢንዛይሙን ያን ያህል በማይቀሰቅሰው በሪፋቡቲን ይተኩታል። የቲቢው ሕክምና ሲያልቅ ኢንዛይሙ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ የተጨመረው መጠን ካልተቀነሰ ሰውየው በተቃራኒው ይመረዛል። መድኃኒት ማቆምም እንደ መጀመር ሁሉ መስተጋብር ያመጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ተመሳሳይ ነገር ያለ ማዘዣ ከሚሸጥ ዕፅም መጥቷል። ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ የልብ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ለድብርት «ሴንት ጆንስ ወርት» የሚባለውን ዕፅ መውሰድ ጀመሩ። የሳይክሎስፖሪናቸው መጠን ወረደ፣ የተተከለላቸውን ልብ ሰውነታቸው ማጥቃት ጀመረ። ዕፁን ሲያቆሙ መጠኑ ተመለሰ። ጉዳዩ በ2000 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። ግሬፕፍሩት የሚባለው መራራ ፍሬ ደግሞ በተቃራኒው የአንጀቱን ኢንዛይም ያሰናክላል። ይህ የተደረሰበት በአጋጣሚ ነው፤ የካናዳው ዴቪድ ቤይሊና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድን የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲያጠኑ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን የተጠቀሙት ጭማቂ የመድኃኒቱን መጠን ሰቀለባቸው። ክኒኑን ጠዋት፣ ጭማቂውን ማታ ማድረግም አያድንም፤ የተሰናከለው ኢንዛይም እስኪተካ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

«ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚባለውን ነገር ስሰማ ሁሌም አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ሳይክሎስፖሪን ራሱ የተገኘው ከኖርዌይ አፈር ከተወሰደ ሻጋታ ነው። ታክሮሊመስ ከጃፓን አፈር፣ ሪፋምፒሲንም መነሻው የአፈር ባክቴሪያ ነው። ሁሉም ተፈጥሮ ናቸው።

በየቤታችን የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮች

ንቅለ ተከላ ሩቅ መስሎ ከታያችሁ፣ ቀረብ ያሉ ምሳሌዎች አሉ። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሜቶትሬክሴት ይወስዳሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ በስህተት የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ሜቶትሬክሴት ሴሎች ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው የታወቀ አንቲባዮቲክም የሚያጠቃው ይኼንኑ የፎሌት መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ሜቶትሬክሴት በኩላሊት እንዳይወጣ ያዘገያል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ ለጥቂት ቀናት የተወሰደ አንቲባዮቲክ መቅኔን ሊያደርቅ ይችላል።

ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎንና ማስታገሻ ናቸው። ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን እንደሚጠብቅ ከላይ አይተናል። ማስታገሻው ጠባቂውን ያነሳል፤ ፕሬድኒሶሎኑ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ተሠርቶ በ1991 የታተመ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስዱ አረጋውያን አንዱንም ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ የጨጓራ ቁስለት አደጋቸው 15 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ይደረሳል የሚባል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህንን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር። ንቅለ ተከላ ላደረገ ሰው መድኃኒት ማቋረጥ ከብዙዎቹ መስተጋብሮች የከፋ ነው። አንዳንዶቹ ጥንዶችም በሐኪም ክትትል አብረው ይሰጣሉ፤ ሜቶትሬክሴትን በትንሽ መጠን ከማስታገሻ ጋር የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ለቤተሰባችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ቀላል ነው። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አዲስ ነገር ሲገዛ ያንን ፎቶ ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩት። ለተራ ሕመም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች በመጀመሪያ የሚመረጠው በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ነው።

ያ ሰውዬስ? ጠዋት ፋርማሲ አልሄደም፤ ንቅለ ተከላውን የሚከታተሉት ሐኪም ዘንድ ደወለ። ለጥቂት ቀናት የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ከፍ አደረጉለት፤ ፕሬድኒሶሎን ራሱ ብግነት የሚያበርድ ስለሆነ ጣቱ ሰከነ። ከዚያ በኋላ አዛታዮፕሪኑን በማይኮፌኖሌት ለወጡለት፤ ማይኮፌኖሌት ለመፍረስ ዛንቲን ኦክሲዴዝን አይፈልግም። አሎፑሪኖል የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በትንሽ መጠን፣ ደሙ በየጊዜው እየተመረመረ።